ለሳንቲም የሚሆን ማደሪያ፦ ስለ ፎልደር፣ አልበምና አደራደር የተደረገ ዳሰሳ

በብዙ ኢትዮጵያዊ ቤት አሮጌ ሳንቲም አይጠፋም። አንዳንዱ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ከሣጥን ሥር ተቀምጧል፤ አንዳንዱ በሻይ ቆርቆሮ ወይም በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ከቁልፍና ከመርፌ ጋር ይኖራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጆሮ ተበጅቶለት በአያት አንገት ላይ የዋለ ጠገራ ብር ነው። ከነዚህ አንዱን አንሥቶ «ይህ የማን ዘመን ገንዘብ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ሰብሳቢ መሆን ጀምሯል። ወዲያው ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የት ይቀመጥ? በምን ቅደም ተከተልስ ይደርደር?

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን የተሰጡት መልሶች ብዙ ናቸው። ሳንቲሙ በቀዳዳ ላይ የሚጫንበት የካርቶን ፎልደር አለ፤ ግልጽ ሽፋን ያለው አልበም አለ፤ ኪስ ኪስ ያለው የፕላስቲክ ገጽ አለ፤ ክብ ካፕሱል፣ መሳቢያ ያለው የእንጨት ሣጥን፣ ባለሙያ መርምሮ የሚያሽገው ጠንካራ ማቀፊያም አለ። ሁሉንም በሦስት ነገር መመዘን ይቻላል። ሳንቲሙን ከጉዳት ይጠብቃል ወይ? ሁለቱንም ገጽ ለዓይን ያሳያል ወይ? ስለ ሳንቲሙ የሚታወቀውን ነገር አብሮ ይይዛል ወይ? የኢትዮጵያን ገንዘብ ለሚሰበስብ ሰው ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የኢትዮጵያ ሳንቲሞች አብዛኞቹ በላያቸው የተጻፈውን ዓመት ብቻ አንብቦ ቦታ የሚሰጣቸው ዓይነት አይደሉምና።

ከኢኮኖሚ ድቀት የወጣው ካርቶን

ፎልደር ሲባል የብዙ ሰብሳቢዎች ሐሳብ ቀድሞ የሚሄደው በአሜሪካ ወደ ተለመደው፣ ሰማያዊ ሽፋን ወዳለውና በሦስት ወደሚታጠፈው ካርቶን ነው። መነሻው የ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ድቀት ነው። በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ ኒና በምትባል ከተማ ይኖር የነበረው ጆሴፍ ኬንት ፖስት የአንድ ሳንቲም ገንዘቦች በየዓመታቸው የሚገቡበት ቀዳዳ ያለው ሰሌዳ ሠራ። በዚያው ክፍለ ግዛት በሬሲን ከተማ የነበረ የኅትመት ድርጅት ሥራውን ተረክቦ በዊትማን ስም በየሱቁ አሰራጨው። ዘመኑ ብዙ ሰው ሥራ ያጣበት ነበር። ሰሌዳውን ለመሙላት ግን ከኪስ የሚወጣ ዝርዝር መፈተሽ ብቻ በቂ ነበርና ሳንቲም መሰብሰብ ከባለጠጎች ሳሎን ወጥቶ በተራ ቤተሰብ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

በ1932 ድርጅቱን የተቀላቀለው አር. ኤስ. ዮማን ይህን ሥራ ከፍ ወዳለ ደረጃ አደረሰው። ትልቁ ሰሌዳ በመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ሊቆም ወደሚችል ታጣፊ ፎልደር የተለወጠው በእሱ ዘመን ነው። እስከ ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ «ቀይ መጽሐፍ» እየተባለ የሚጠራውን የአሜሪካ ሳንቲሞች መዘርዝር በ1946 ያወጣውም እሱ ነው። ቀደም ብሎ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ በፔንሲልቬንያ የነበረው ኤም. ኤል. ቢስትል የሳንቲሙ ሁለት ገጽ የሚታይበትን የአልበም ገጽ ጀምሮ ነበር፤ የኒው ዮርኩ ነጋዴ ዌይት ሬይመንድም ይህንኑ አልበም ለገበያ አቀረበው። ዛሬም ድረስ የሚታየው የፎልደርና የአልበም ልዩነት ከነዚህ ሁለት መንገዶች የመጣ ነው። ፎልደሩ ርካሽና ለጀማሪ የሚመች ሲሆን አልበሙ ዋጋው ከፍ ያለ፣ በግልጽ ሽፋን የተጠበቀና ፊትና ጀርባ የሚያሳይ ነው።

የፎልደሩ ትልቁ ጉልበት በባዶው ቀዳዳ ላይ ነው። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ሳንቲሙ የተመታበት ዓመትና የተመታበትን ከተማ የሚያመለክት ፊደል ታትሟል፤ በብዙዎቹም የተመታው ብዛት ተጨምሯል። በሊንከን ሳንቲም ፎልደር መጀመሪያ ላይ በ1909 በሳን ፍራንሲስኮ ተመትቶ የቀራጩን የቪክቶር ዴቪድ ብሬነርን ስም መነሻ ፊደላት የያዘው ሳንቲም ቦታ አለው። ብዛቱ 484,000 ብቻ ስለነበር ያ ቀዳዳ በብዙ ፎልደሮች ላይ ሳይሞላ ይቀራል። ልጅ ወይም ጀማሪ ሰብሳቢ ማንንም ሳይጠይቅ ምን እንደጎደለው በዓይኑ ያያል።

ይህ ዘዴ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቦታ ሄዷል። አሜሪካ ከ1999 እስከ 2008 (እ.ኤ.አ.) በየዓመቱ አምስት አምስት እያደረገች የ50 ክፍላተ ግዛቶችን ምስል የያዙ የሩብ ዶላር ሳንቲሞች ስታወጣ፣ የካርታ ቅርጽ ያላቸው ፎልደሮች በየቤቱ ገቡ፤ ሰብሳቢዎቹም ከመቶ ሚሊዮን በላይ እንደነበሩ ተገምቷል። በ2002 በ12 አገሮች ዝውውር ላይ የዋለው ዩሮ ስምንት ስምንት ሳንቲም ያለው የየአገሩ ገጽ ያስፈልገው ነበርና አልበሙ በአገር ተከፈለ። ብሪታንያም ለለንደን ኦሊምፒክ በ2011 ያወጣቻቸውን 29 የተለያዩ ባለ 50 ፔንስ ሳንቲሞች ከነማኅደራቸው አቀረበች። የመጀመሪያውን ሰሌዳ ያሠራው የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ግን ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ ፊላደልፊያ ውስጥ ለዝውውር የሚሆነው ለመጨረሻ ጊዜ ተመትቶ ቆሟል። ከእንግዲህ ያ ፎልደር የመጨረሻ ቀዳዳ አለው።

የፎልደርን ጉዳት ለማየት አንድ ሳንቲም ሲገባ በቅርብ መመልከት ይበቃል። ቀዳዳው ከሳንቲሙ በጥቂቱ ይጠባል፤ እንዲይዝ ተብሎ የተደረገ ነው። ሰብሳቢው ሳንቲሙን በጠርዙ አስገብቶ በአውራ ጣቱ መሐል ለመሐል ይጫነዋል። ከጣቱ የወጣው ላብና ቅባት በመዳብ ላይ ያርፋል፤ ከወራት በኋላ የጣቱ አሻራ ቡናማ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ በቀላሉ አይለቅም። ጀርባው በካርቶን ተሸፍኗል፤ ፊቱ ደግሞ ለአየር ክፍት ነው። ካርቶኑ ሲያረጅ ቀዳዳው ይሰፋና ሳንቲሙ ይወድቃል። ስለዚህ ፎልደር ከኪስ የወጣ፣ ብዙ እጅ የነካውን ሳንቲም ለመደርደር ይበቃል፤ ለአዲስ ወይም ለብርቅ ሳንቲም ግን አይመከርም።

ለአንድ ዓመት አንድ ቀዳዳ ሲጠብ

የአሜሪካው ፎልደር በሳንቲሙ ላይ የተጻፈው ዓመት የተመታበት ዓመት ነው ብሎ ይነሣል። የኢትዮጵያ ገንዘብ እዚህ ላይ ይለያል።

ለምሳሌ በ1936 ዓ.ም. ቀን የወጡትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች እንውሰድ። ባለ 1፣ 5፣ 10 እና 25 ሳንቲሙ ከመዳብ ዘር፣ ባለ 50 ሳንቲሙ ወይም ሽልንጉ ከብር የተሠሩ ናቸው። በፊታቸው የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በጀርባቸው የይሁዳ አንበሳ፣ በግእዝ ቁጥርም ፲፱፻፴፮ አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ፊላደልፊያን ጨምሮ በውጭ አገር መምቻዎች እየተደጋገሙ ሲመቱ ቀኑ አልተለወጠም። በአሜሪካ ሥርዓት ቢሄዱ ለየዓመቱ አንድ ቀዳዳ በተያዘላቸው ነበር። አሁን ግን በላያቸው የሚነበበው አንድ ዓመት ብቻ ነው።

ልዩነቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው ያለው። የመጀመሪያው ሥሙኒ፣ ማለትም ባለ 25 ሳንቲሙ፣ ክብ ነበር፤ በመጠኑም ከብሩ ሽልንግ ጋር ይቀራረብ ስለነበር በብር እየተቀባ እንደ ሽልንግ ተላለፈ። በዚህ ምክንያት ተሰብስቦ በምትኩ ጠርዙ ሞገድ ያለው ሥሙኒ ወጣ። ሁለቱም ፲፱፻፴፮ ይላሉ፤ ሁለቱም ለኢትዮጵያ የገንዘብ ታሪክ የየራሳቸውን ይናገራሉ፤ ስለዚህ ሁለት ቦታ ይገባቸዋል። ሽልንጉም መጀመሪያ ከሺህ 800 እጅ ብር የነበረበት ሲሆን በኋላ ወደ 700 ወርዷል። ይህንን ዓይን ሊለየው አይችልም።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ ያወጣቸው አምስቱ ሳንቲሞችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ባለ 1 ሳንቲሙ በአልሙኒየም ተሠርቶ በበሬ የሚያርስ ገበሬ አለበት፤ ባለ 10ሩ የደጋ አጋዘን ያሳያል፤ የሁሉም ፊት ላይ የአንበሳ ራስ አለ። ፲፱፻፷፱ የሚለው ቀን መንግሥት ከተለወጠ በኋላም ሳይቀየር ለዓመታት ቆየ። መዘርዝሮች እነዚህን የሚለዩት በአንበሳው አገጭ ነው። በአንዱ ዓይነት የአገጩ ፀጉር እኩል ወርዷል፤ በሌላው ደግሞ በግራ በኩል ሁለት ረጃጅም ፀጉሮች ወጣ ብለው ይታያሉ። ይህን ለማየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽርና ጥሩ ብርሃን ይበቃል። ብዙ ሰው ግን አንድ ካለኝ ይበቃኛል ብሎ ሌላውን ይጥለዋል።

ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ቀናቸው የተለወጠ ሳንቲሞች ሲመጡ ሌላ መለያ ተጨመረ። ብረት ላይ የተለበጡ ስለሆኑ መግነጢስ ይስባቸዋል፤ የ1969 ዓ.ም. ቀን ያላቸውን አይስባቸውም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለ ሁለት ቀለም የአንድ ብር ሳንቲም ደግሞ ከነዚህ በመጠን ስለሚበልጥ የራሱ ስፋት ያለው ቦታ ይፈልጋል።

ወደ ኋላ ሲኬድ ነገሩ ይበልጥ ይሰፋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ቀን ፓሪስ ያስመቱት ብር ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ስፋቱም 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ገበያውን የያዘውን ጠገራ ብር ተክቶ እንዲሄድ ታስቦ ነው። ከሥሩ አላድ፣ ሩብ፣ ግርሽና ሌሎችም ነበሩ። በእነዚህ ላይ ከዓመቱ ሌላ የአንበሳው የተነሣ የፊት እግር ግራ ነው ወይስ ቀኝ የሚለው ይታያል፤ በ1887 እና በ1889 ዓ.ም. ቀን የተመታው ብር ላይ ግራው፣ በ1892ቱ ላይ ቀኙ ተነሥቷል። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የማቶና ተከታታይ ደግሞ አምስት ነው። ባለ 1 እና ባለ 5 ከመዳብ፣ ባለ 10፣ 25 እና 50 ከኒኬል ተሠርተዋል።

በዚህ ነገር ጠገራ ብር ከሁሉም ይበልጣል። በላዩ ምስሏ ያለው እቴጌ ማሪያ ትሬዛ ያረፈችው በ1780 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን ከዚያ ወዲህ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይና ሌሎችም ከተሞች የመቱት ጠገራ ሁሉ ያንኑ 1780ን ይዟል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጥር ብሩ ከሺህ 833 እጅ ነው። የት እንደተመታ ለማወቅ የትከሻዋ ማያያዣ ላይ ያሉ ዕንቁዎች፣ የንስሩ ጅራት ላባዎችና የጠርዙ ጽሑፍ አቀራረጽ ይመረመራሉ። ፎልደር አታሚ አንድ ቀዳዳ አበጅቶ ከሥሩ «1780» ቢጽፍ ሰብሳቢው በአንድ ጠገራ ጨርሻለሁ ሊል ነው።

ስለዚህ ለኢትዮጵያ ገንዘብ በፋብሪካ የተበሳ ቀዳዳ አይመችም፤ ቦታውን ሰብሳቢው ራሱ መወሰን አለበት። ቅደም ተከተሉ በመንግሥት ይጀምር፤ ከዚያ በእትም ወይም በተከታታይ ይከፈል፤ ከዚያ በዋጋ መጠን ከትንሹ ወደ ትልቁ ይሂድ፤ በመጨረሻ ልዩነቱ ይቀመጥ። ዓለም አቀፍ መዘርዝሮች የሚጠቀሙበት የኬ.ኤም. ቁጥር በዚህ ላይ ከተጨመረ ሌላ ሰብሳቢ በማያሻማ መንገድ ይረዳዋል። ዴኒስ ጊል በ1991 (እ.ኤ.አ.) ያሳተመው የኢትዮጵያ፣ የኤርትራና የጣሊያን ሶማልያ ሳንቲሞች መጽሐፍም ለዚህ ሥራ ከተለመዱት መነሻዎች አንዱ ነው።

የሚጠብቅ ፕላስቲክና የሚያበላሽ ፕላስቲክ

የት እንደሚደረደር ከታወቀ በኋላ በምን ውስጥ የሚለው ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይጠፋል። ለስላሳና ታጣፊ የሆነው፣ አዲስ የጠረጴዛ ላስቲክ የሚመስል ጠንካራ ሽታ ያለው ፕላስቲክ በአብዛኛው ፒቪሲ ነው። ርካሽ ስለሆነ ለፎቶና ለስም ካርድ የሚሸጡ የኪስ ገጾች ብዙዎቹ ከሱ ይሠራሉ። ፒቪሲ ሲያረጅ ለስላሳነት የሰጠውን ቅባት መሰል ኬሚካል ያወጣል፤ ቀስ በቀስም አሲድ ይለቃል። በሳንቲሙ ላይ አረንጓዴ፣ የሚያጣብቅ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። መዳብ ከሁሉ ቀድሞ ይጎዳል፤ ብርም አይተርፍም። ሽፋኑ ጊዜ ካገኘ ብረቱን ራሱን ይበላዋል።

ለሳንቲም የሚስማሙት ማይላር፣ ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢቲሊን ናቸው። ማይላር ጥርት ብሎ ያሳያል፤ ጠንካራ በመሆኑ ግን ሳንቲም ሲወጣና ሲገባ ሊጭር ይችላል። ፖሊኢቲሊን ለስላሳ ቢሆንም ትንሽ ይደበዝዛል። ገዢው ማሸጊያው ላይ «ከፒቪሲ ነፃ» የሚል ጽሑፍ ካላየ ባይገዛ ይሻለዋል። የተጎዳ ሳንቲም ካለው ንጹሕ አሴቶን ሽፋኑን ብረቱን ሳይነካ ያነሣል። ይህ ግን በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ ስለሆነ ከእሳት በራቀና አየር ባለበት ቦታ መሠራት አለበት። ለጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸጠው ሽቶና ቅባት ስለሚጨመርበት አይሆንም።

የወረቀቱ ነገርም ቀላል አይደለም። በርካሽ ካርቶን፣ በጎማ ላስቲክና በሱፍ ጨርቅ ውስጥ ድኝ አለ፤ ድኝ ብርን ያጠቁራል። ጠገራ ብር በጎማ ላስቲክ ታስሮ ለዓመታት ቢቀመጥ ላስቲኩ የነካው ቦታ ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። በአንዳንድ የድሮ አልበሞች ውስጥ ይኸው ሂደት ቀስ ብሎ ሲከናወን በብር ሳንቲም ጠርዝ ዙሪያ ሰማያዊ፣ ወርቃማና ሐምራዊ ቀለበት ይፈጥራል። ለዚህ ቀለም ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ሌሎች ደግሞ ጉዳት ነው ብለው ይሸሹታል። ክርክሩ አልተዘጋም። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር ግን ሳንቲሙን በቤት ውስጥ ኬሚካል ማቅለም ማጭበርበር መሆኑን ነው።

ከሁሉም በላይ ጠላቱ እርጥበት ነው። በአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ልብስ እንኳ በቁም ሣጥን ውስጥ ይሻግታል፤ ከወለል አጠገብ ያለ መሳቢያ ለመዳብ አይመችም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰብሳቢ ሌላ ችግር አለበት። በማቀዝቀዣ የቀዘቀዘ ሳንቲም ወደ ውጪው ሙቅና እርጥብ አየር ሲወጣ ላዩ ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ስለዚህ ተዘግቶ ሙቀቱ እስኪስተካከል መጠበቅ ያስፈልጋል። በአዲስ ጫማና ቦርሳ ውስጥ የሚመጣው ሲሊካ ጄል የሚባለው እርጥበት መጣጭ ከማኅደሩ ጋር በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ይረዳል፤ ሲጠግብ ግን መለወጥ ወይም ማድረቅ ይጠይቃል።

ኪስ፣ ካፕሱልና መሳቢያ

ከቀዳዳው ፎልደር ውጪ በጣም የተለመደው ዘዴ ካሬ ካርቶን ነው። ጎኑ አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ መሐሉ ላይ በማይላር የተሸፈነ ክብ መስኮት አለው። ሳንቲሙ መስኮቱ ላይ ይቀመጥና ካርቶኑ ታጥፎ በሦስት ወይም በአራት ቦታ በስቴፕለር ይያዛል። እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ሥራ አለች፤ ብዙ ሰው ይዘላታል። የስቴፕለሩ ሽቦ ጀርባ ጫፉ ወጣ ብሎ ይቀራል፤ በፒንሳ ተጨፍልቆ ካልተስተካከለ ከጎኑ ያለውን ሳንቲም ይቧጭራል። ሳንቲሙን ማውጣት ሲያስፈልግም ሽቦው ቀድሞ ይወጣል እንጂ ካርቶኑ በኃይል አይቀደድም።

እነዚህ ካርቶኖች 20 ኪስ ባለው የፖሊፕሮፒሊን ገጽ ውስጥ ገብተው ቀለበት ባለው ማኅደር ይያዛሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ሁለቱም ገጽ ይታያል፤ በካርቶኑ ኅዳግ ላይ በእርሳስ ይጻፋል፤ አዲስ ሳንቲም ሲገኝ መሐል ላይ ገጽ ይጨመራል። ለኢትዮጵያ ገንዘብ ከሁሉም የተሻለው ይህ ነው። ጠገራና የምኒልክ ብር ግን ስፋታቸው ትልቁን መስኮት ስለሚፈትነው ልካቸውን የጠበቀ ካፕሱል ቢገዛላቸው ይሻላል። ካፕሱል ጥብቅ ሆኖ ከአየርና ከጣት ይጠብቃል፤ ሆኖም ብዙ ከሆነ ቦታ ይይዛል፤ ዋጋውም ይከብዳል።

የሙዚየሞች መንገድ መሳቢያ ነው። በእንጨት ሣጥን ውስጥ ክብ ጉድጓድ ያላቸው ትሪዎች ይደረደራሉ፤ ከየሳንቲሙ ሥር ስለሱ የተጻፈበት ክብ ወረቀት ይቀመጣል። ማሆጋኒ እንጨት ለዚህ ሲመረጥ ኖሯል፤ ኦክ ግን አሲድ ስለሚያወጣ አይመከርም። ትሪው ሲዘነብል ሳንቲሞቹ ይደባለቃሉ፤ ስለዚህ ለሕፃናት ቤት አይሆንም። ከ1986 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአሜሪካ የተስፋፋው፣ ባለሙያ ደረጃ ሰጥቶ በጠንካራ ፕላስቲክ የሚያሽገው አሠራር ደግሞ ውድ ለሆነ ሳንቲም ካልሆነ ወጪው አይመለስም።

አትወልውሉ

አሮጌ ሳንቲም ያገኘ ሰው እጁ ወደ ሎሚና ጨው፣ ወደ አመድ ወይም ወደ ጥርስ ሳሙና ይሄዳል። የሰብሳቢዎች አንደኛ ሕግ ይህን መከልከል ነው። መወልወል የብረቱን ላይኛ ሽፋን ይዞ ይሄዳል፤ ያበራል፤ ግን ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ዋጋውም ይወድቃል።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ከማንም በላይ አሳሳቢ ነው። ከ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ 7ኛው ድረስ የተመቱት የአክሱም ሳንቲሞች ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ሲሠሩ፣ በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ የንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም የመስቀሉ መሐል በስስ ወርቅ ተለብጧል። ይህ ጥበብ በጥንታዊው ዓለም ሳንቲም ላይ እምብዛም የማይታይ ነው። ቡናማ ሆኖ ከአፈር የወጣውን ሳንቲም በሎሚ የሚፈትግ ሰው ይህን ወርቅ ከነቆሻሻው ሊያጥበው ይችላል። በአንዳንዱ መዳብ ላይ ደግሞ ዱቄት የሚመስል ፈዛዛ አረንጓዴ ነቁጥ ይወጣል። ጨው ከአፈር ገብቶበት ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር በሽታ ነው፤ በደረቅ ቦታ ለብቻው መለየትና ለባለሙያ ማሳየት ብቻ ነው መፍትሔው።

ገንዘብ ሰውን ከስሕተት እንደማያድን የግብፁ ንጉሥ ፋሩቅ ስብስብ ያሳያል። ከዙፋኑ ከወረደ በኋላ በ1954 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ በሚገኘው ኩባ ቤተ መንግሥት ከ8,000 በላይ ሳንቲሞችና ሜዳዮች በጨረታ ሲሸጡ፣ ብዙዎቹ ጥሩ አያያዝ እንዳልተደረገላቸው ገዢዎች አይተዋል። ሽያጩም ብዙ ሳንቲም በአንድ ዕጣ አጭቆ ስለቀረበ ስብስቡ ከነቅደም ተከተሉ ተበተነ።

ከሳንቲሙ ጋር የሚኖር ወረቀት

በየመን ኤደን አቅራቢያ በ1977 (እ.ኤ.አ.) የተገኘው የአል መዳሪባ ድብቅ ሀብት ከሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲም ነበረበት። የአክሱምና የሮም ወርቅ አንድ ላይ በመገኘቱ ተመራማሪዎች የአክሱምን ነገሥታት ዘመን ከሮም ቄሣሮች ጋር አስተያይተው ለመመዘን ረድቷቸዋል። እነዚያው ሳንቲሞች አንድ በአንድ ተሸጠው ቢመጡ ያ እውቀት አይኖርም ነበር። ስለዚህ የአንድ ሳንቲም ግማሽ ዋጋው የት፣ ከምን ጋር፣ ከማን እጅ እንደተገኘ የሚናገረው ጽሑፍ ላይ ነው።

የቤት ውስጥ ስብስብም በዚሁ ሕግ ይመራል። ለእያንዳንዱ ሳንቲም ተራ ቁጥር ይሰጠው፤ ከሱ አጠገብ የተጻፈበት ዓመት፣ መጠሪያው፣ ብረቱ፣ በመቶኛ ግራም በሚመዝን ትንሽ ሚዛን የተወሰደ ክብደቱ፣ በሚሊ ሜትር ስፋቱ፣ ፊቱ ሲገለበጥ ጀርባው ቀና ሆኖ ወይስ ተገልብጦ እንደሚታይ፣ የሁለቱ ገጽ ፎቶግራፍ፣ የተገኘበት ቀንና የሰጠው ሰው ይጻፍ። «ከአባቴ እናት፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ከደብረ ብርሃን» የሚል አንድ መስመር በእርሳስ ተጽፎ ሲቀመጥ ልጅ ልጅ ያነበዋል። በኮምፒውተር ሠንጠረዥ ማስቀመጥ ለፍለጋ ይመቻል፤ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ግን ከሠንጠረዡ ጋር አንድ መሆን አለበት። ጽሑፉ ሳንቲሙን በሚነካ ወረቀት ላይ በብዕር መጻፍ የለበትም፤ የማጣበቂያ ፕላስተርም ብረቱን ፈጽሞ አይንካው።

ለዚህ ሥራ ጥሩ አርአያ አለ። በኦክስፎርድ የሚገኘው የአሽሞሊያን ሙዚየም ቤንት ዩል-የንሰን የሰበሰባቸውን የአክሱም ሳንቲሞች ይዟል፤ ቮልፍጋንግ ሃንና ቪንሰንት ዌስት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት መዘርዝር እያንዳንዱ ሳንቲም ከፎቶውና ከክብደቱ ጋር ቁጥር አግኝቷል። ደግሞም ሕግ አለ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ ይገባዋል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ የአክሱም ሳንቲም የዕረፍት ጊዜ ስጦታ ሆኖ በሻንጣ የሚገባ ነገር አይደለም። በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ስብስቡን ሲጀምር ያለ ሥጋት የሚገዛው በቅርብ ዘመን ከዝውውር የወጡትን ሳንቲሞች ነው፤ እነሱም ዛሬ በርካሽ ይገኛሉ።

ለጀማሪ የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ቢሆን ይመቻል። 20 ኪስ ባለው አንድ ገጽ ላይ ከ1936 ዓ.ም. እትም ስድስት ቦታ ይያዝ፤ ክቡና ሞገዳሙ ሥሙኒ ሁለት ቦታ ስላላቸው ነው። ከ1969 ዓ.ም. እትም አምስት ይግቡ። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ መግነጢስ ከሚስባቸው ባለ 5፣ 10፣ 25 እና 50 አራት ይጨመሩ፤ የ2002ቱ አንድ ብር አንድ ኪስ ይዞ 16ኛው ይሁን። የቀሩት አራት ኪሶች ባዶ ሆነው «የአገጭ ፀጉሩ እኩል»፣ «ሁለት ረጃጅም ፀጉር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካርቶን ይግባባቸው። ሰብሳቢው በሚቀጥለው ጊዜ አሮጌ ሳንቲም የሚሸጥ ሰው ፊት ሲቀመጥ መነጽሩን አውጥቶ የአንበሳውን አገጭ ማየት እንዳለበት የሚያስታውሱት እነዚህ አራቱ ናቸው።